የሰንበት ዘብ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስልክ ፋታ የለውም። የምኖረውም የምሠራውም እስራኤል ውስጥ ሐዴራ ነው፤ ከቴል አቪቭ በስተ ሰሜን፣ ባሕሩን ተጠግታ ያለች ከተማ ናት። ከጎንደር የመጣን ቤተ እስራኤላውያን እዚህ ብዙ ስለሆንን ግማሹ በዕብራይስጥ፣ ግማሹ በአማርኛ ይደውልልኛል። ልመናው ግን አንድ ነው፤ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረስልኝ!» የአንዱ ሶኬት ጨሷል፤ የሌላው ብሬከር አልነሣ ብሏል፤ የሌላዋ የሰንበት ሰዓት፣ ያ መብራቱን በታዘዘው ሰዓት ራሱ የሚያጠፋውና የሚያበራው ዕቃ፣ ቀኑን ከሌሊቱ አምታቷል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሰንበትን ሕግ የሚያከብር ሰው ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም። የተበላሸው እንደተበላሸ ያድራል።

በዚህ አገር ሽቦ የሚነካ ሰው ሃይማኖት ሳይነካ አይውልም። እኔንም ከመሰላል ላይ ሆኜ ሳይቀር የሚያሟግተኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ በሰንበት ያረፈ ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው? ሁሉ ነገር የጠፋበት ነው ወይስ ሁሉ ነገር ያለ ሰው እጅ የሚሠራበት?

አያቴ መልስ ነበራት። ቤታችን ጎንደር ውስጥ አምቦበር አጠገብ ነበር። በአዘቦት ቀን ማታ እሳቱን ታዳፍነዋለች፤ ፍሙን ወደ ምድጃው መካከል ትሰበስብና አመድ ታለብሰዋለች፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጋ እፍ ስትለው ይነሣል። ዓርብ ማታ ግን ማዳፈን የለም። ውኃ ትደፋበታለች። ጭሱ ዓይናችንን እያስነባ ቤቱን ይሞላል፣ ቀስ ብሎም በሣሩ ጣሪያ ሾልኮ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ማታ ኮከብ እስኪታይ ድረስ ቤት ውስጥ ትኩስ የሚባል ነገር የለም። ዳቦው የዓርብ ነው። ወጡ የዓርብ ነው፤ ቀዝቅዟል። ቡና አይታሰብም። አያቴ በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ነጭ ልብሷን ለብሳ ስትቀመጥ የቸገራት ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 35 በሰንበት በመኖሪያ ቤት እሳት ማንደድን ይከለክላል። ቄሶቻችን ይህን የተረዱት «ቤት ውስጥ እሳት አይኑር» ብለው ነው። ረቢዎቹ የተረዱት በሌላ መንገድ ነው፤ የተከለከለው ማንደድ ስለሆነ ከሰንበት በፊት የነደደ ይንደድ፣ የሞቀም ይሙቅ አሉ። በመካከለኛው ዘመን ቀራውያን የሚባሉት አይሁድ እንደ እኛው በጨለማ ሲቀመጡ፣ ረቢዎቹ የሰንበት መብራትንና ትኩስ ምግብን ከእነርሱ የሚለዩበት ምልክት እስከማድረግ ደረሱ። አያቴ ይህን ክርክር አታውቅም። እስራኤል ስትደርስ ግን ከፕላታው ጋር ተጣላች። ፕላታ ማለት ዓርብ ማታ ተሰክቶ ቅዳሜ ማታ የሚነቀል፣ ድስት የሚጣድበት ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። በብዙ ቤት አለ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ከላዩ ላይ የሚንተከተከውን ድስት አየችና፣ «ይኼ ሰንበት ነው ወይስ ተዝካር?» አለች።

መብራት ወደ ቤት ሲገባ ረቢዎቹም አዲስ ሙግት ገጠሙ። ሥራዬ ነውና ተከታትዬዋለሁ። የድሮው አምፖል ብዙ አላስቸገራቸውም። ውስጡ ያለችው የተንግስተን ክር ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትግላለች፤ ረቢ ሙሴ ማይሞኒደስ ደግሞ ገና በ12ኛው ክፍለ ዘመን ብረትን ውኃ ለማጠጣት ማጋል ከማንደድ ወገን እንደሚቆጠር ጽፏል። ስለዚህ ክሯ እሳት ናት፤ አለቀ። ያስቸገረው የማይግለው ነበር፤ ስልኩ፣ ማራገቢያው፣ ዛሬ ደግሞ ኤልኢዲው። የልቮቩ ረቢ ይስሐቅ ሽሜልክስ ኤሌክትሪክን ማስነሣት ያልነበረን ነገር እንደ መውለድ ነው አሉ፤ በሰንበት ጨርቅ ላይ አዲስ ሽታ ማሳደር እንደሚከለከል ሁሉ ይህም ይከልከል ብለው። በመጽሐፋቸው ስም «ሐዞን ኢሽ» እየተባሉ የሚጠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ብኔ ብራቅ ውስጥ ያረፉት ታላቅ ረቢ ደግሞ የተቋረጠን ሽቦ አገናኝቶ ሕይወት መዝራት ግንባታ ነው አሉ። ረቢ ሽሎሞ ዛልማን አውርባክ አልተቀበሏቸውም። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1935፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው፣ ስለ ኤሌክትሪክ ሙሉ መጽሐፍ ያሳተሙ ናቸው። ሊከፈትና ሊዘጋ የተሠራ በር ሲከፈት ማንም ግንባታ እንደማይለው ሁሉ ማብሪያ ማጥፊያም ግንባታ ሊባል አይችልም አሉ። ሆኖም ሕዝቡ የያዘውን ልማድ አታፍርሱ ብለው ክልከላውን አጸኑት።

እኔ ማስተዋላቸውን አደንቃለሁ። ማብሪያ ማጥፊያ ፈትቶ የሚያውቅ ሰው አውርባክን ይደግፋል፤ ውስጡ ያለው የምትገናኝና የምትለያይ ቁራጭ መዳብ ናት፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ይሁን እንጂ ሦስቱም ሙግታቸው ጣት ቁልፉን በምትነካበት ቅጽበት ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ማንም ምንም ሳይነካ የሚያልፈው የሰንበት 25 ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ ከጣቢያው ተነሥቶ በሽቦ እየተጓዘ ቤቱ የሚገባ ይመስለዋል። የሚገባ ነገር የለም። እዚህ አገር ቤት ውስጥ ያለው 230 ቮልት ነው፤ በሰከንድ 50 ዙር እየተመላለሰ ይገፋል ይስባል። በሽቦው ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከፀጉር ውፍረት በእጅጉ ያነሰ ርቀት ወዲያ ወዲህ እያሉ እዚያው የነበሩበት ናቸው። የሚደርሰን ግፊቱ ነው። ሶኬቱ ላይ ምንም ካልተሰካ መንቀጥቀጡም ይቀርና ግፊቱ ብቻ ቆሞ ይጠብቃል። እንግዲህ ይህ ሥራ ነው ወይስ ዕረፍት? እኔ የምለው አያቴ በአዘቦት ቀን የምታዳፍነው ፍም ነው። ዓርብ ማታ መብራቱን ሁሉ አጥፍቶ፣ ፕላታውንም ነቅሎ፣ እንደ ጥንቱ በጨለማ የሚቀመጥ ሰው ቢኖር እንኳ የቤቱ ግድግዳ ሙሉ የተዳፈነ ፍም ነው። ውኃ ደፍቼ አጥፍቼዋለሁ ማለት የሚችለው ዋናውን ብሬከር ሲያወርድ ብቻ ነው። የተዳፈነ ነገር ደግሞ ዘብ ይፈልጋል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እናት ጠሩኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ስማቸውን ትቼ እማማ ልበላቸው። ዓርብ ነው፤ ሰዓቱ ገፍቷል። ከበሩ ጀርባ ባለው የብሬከር ሳጥን ውስጥ እዚህ «ፓሐት» የምንለው፣ አዲስ አበባ ያሉ ባለሙያዎች አርሲዲ የሚሉት ቆራጭ እየወደቀ አስመርሯቸዋል።

«ባነሣው ይወድቃል፣ ባነሣው ይወድቃል። ጎረቤቴ መጥቶ አየና ‹ከላይ ወደ ታች ሽቦ አሻግረው ቢያስሩት ሰንበትን ዝም ይልሻል› አለኝ። እሰርልኝ፣ ልጄ። ሌሊት ወድቆ በጨለማና በብርድ እንዳያሳድረኝ።»

«እማማ፣ ይኼኮ የሚወድቀው ስለተበላሸ አይደለም። አንዳች ነገር አይቶ ነው።»

«ምን ያያል ዓይን የለው!»

ዓይን የለውም፤ ነገር ግን ይቆጥራል። በፌዙ የወጣውና በኒውትራሉ የተመለሰው እኩል መሆን አለበት። ልዩነት ካለ የጎደለው በሌላ መንገድ ወጥቷል ማለት ነው፤ በዕቃው ብረት፣ በግድግዳው እርጥበት ወይም በሰው ገላ በኩል ወደ መሬት። ልዩነቱ 30 ሚሊአምፕር ሳያልፍ፣ ሰውየው «ኸረ!» ብሎ ሳይጨርስ ይቆርጠዋል። የቀሩት ብሬከሮች ሌላ ሥራ ነው ያላቸው። ባለ 16 አምፕሩ ብሬከር የተቀመጠው ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬውን ሽቦ ከመቃጠል ለማዳን ነው፤ ስለ ሰው ነፍስ የሚያውቀው ነገር የለም። በእርጥብ እጁ ሽቦ የነካ ሰው ገላ ኤሌክትሪክን የሚከላከለው በ1,000 ኦህም ገደማ ነው ብንል 230 ቮልት በውስጡ 0.23 አምፕር ይሰዳል። ልብን ለማቆም ከበቂ በላይ ነው። ባለ 16 አምፕሩ ግን ንቅንቅ አይልም፤ እሱ የሚጠብቀው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ሰው ብሬከር አለኝ ብሎ እየተማመነ ብሬከሩ ሳይወድቅ እርሱ ይወድቃል።

በቤቱ ያለውን ሁሉ ነቀልኩና ቆራጩን አነሣሁት፤ ቆመ። አንድ በአንድ መሰካት ጀመርኩ። ማቀዝቀዣው ምንም አላለም። ፕላታውም ምንም አላለም። የእንጀራ ምጣዱን ስሰካ ቀጭ ብሎ ወረደ። ገልብጬ አየሁት። ሸክላው ከመሐሉ እስከ ዳሩ ተሰንጥቋል፤ የጠዋቱ ሊጥ በስንጥቁ ሰርጎ ከሥሩ እንደ እባብ የተጠማዘዘችውን የማሞቂያ ሽቦ አርሷታል፤ እርጥበቱም ኤሌክትሪኩን ወደ ብረቱ ቋት አሸጋግሮታል። የኧርዝ ሽቦው ደኅና ስለነበር ፍሳሹን ወደ መሬት ወስዶ ቆራጩን ቀሰቀሰው። ኧርዙ ተቆርጦ፣ ቆራጩም በጎረቤት ምክር ታስሮ ቢሆን ኖሮ እማማ ማሰሻውን በውኃ ባረሰ እጃቸው ቋቱን ሲደገፉ... አልጨርሰውም።

«ምጣዱ ነው፣ እማማ። አይሰካም ከእንግዲህ።»

«ሀገራችን እያለን እሳት አጥፍተን ነበር የምናድር። ማን ሞተ?» አሉኝ፤ ነገሩ የእኔ ጥፋት ይመስል።

«እንግዲያው ዛሬም እናጥፋውና እደሩ።»

«ጉልበቴ ብርድ አይችል» ብለው ሳቁ። እንጀራው ግማሹ ሳይጋገር ቀርቶ ነበርና የቀረውን ሊጥ ይዘው ታች ቤት ወረዱ። እኔም ቆራጩ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ ተጫንኩ፤ ወረደ፤ መልሼ አነሣሁት።

የጎረቤትየውን ምክር ብዙ ጊዜ አሰብኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለአሮጊቷ ሰንበት አስቦ ነው። ሰንበት እንዳይረበሽ ዘቡን እንግደለው ማለቱ ግን የሰንበትን ነገር ገልብጦታል። አያቴ ያለ ዘብ ታድር የነበረው የሚጠበቅ ነገር ቤቷ ውስጥ ስላላስቀረች ነው። እኛ ሙቀቱን መረጥን፤ ብርሃኑን መረጥን። መምረጣችንን አልነቅፍም፣ እኔም ቤቴ ፕላታ አለ። ሙቀት የመረጠ ሰው ግን አብሮ ዘብ መርጧል። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ለሰንበት ተሰክቶ የተተወ ማሞቂያ ሌሊት ተነሥቶ አንድ ቤት አቃጠለ፤ የአንድ እናት ሰባት ልጆች አለቁ። የጭስ ጠቋሚ የተገኘው ምድር ቤት ብቻ ነበር። ያ ቤተሰብ ሕጉን አልጣሰም፤ ረቢዎቹ እንደፈቀዱት ነው ያደረገው። ሕጉ እሳቱ ይቆይ ብሎ ሲፈቅድ የሚያንቀላፋውን ሰው ማን ይጠብቀው የሚለውን ለቤቱ ጌታ ትቶታል፤ እዚህ ላይ ከሰባኪዎቻችን ብዙ ቃል አልሰማም።

ልጅ ሳለሁ አንድ ቄስን «እግዚአብሔር በሰንበት ካረፈ ፀሐይ ቅዳሜ ለምን ትወጣለች?» ብዬ ጠይቄ ነበር። «ያዘዘው አርፏል፤ የታዘዘው ይሠራል» አሉኝ። የሰንበት ሰዓቱን ለሚገጥም ሰው እንዲህ ያለ መልስ ደስ ያሰኛል፤ ዓርብ አዘህ ታርፋለህ፣ ዕቃው ይሠራል። ኦሪት ግን በዚያ አይቆምም። አንተ ብቻ አትረፍ፣ አገልጋይህም ይረፍ፣ እንስሳህም ትረፍ ይላል። ፕላታው አገልጋይ አይባል፤ ብረት ነው። በፕላታው ጫፍ ያለው ሰውስ?

ከበረንዳዬ ሆኜ የሐዴራ ማመንጫ ጣቢያ ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ይታዩኛል። ኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ አይጠራቀምም፤ አገሩ ሁሉ በዚህች ቅጽበት የሚፈልገውን ያህል በዚህችው ቅጽበት መመንጨት አለበት። ፍላጎቱ ከበለጠ የተርባይኑ ዙር ይዝላል፣ 50ው ይወርዳል፤ አንድ ሰው መቆጣጠሪያው ፊት ተቀምጦ ያንን ቁጥር ይከታተላል። ቅዳሜም ይቀመጣል። የእኔ ድስት እንዲሞቅ አንድ አይሁዳዊ ከሰንበቱ ተነሥቷል። ብኔ ብራቅ ያሉ አጥባቂዎች ይህን ስላልቻሉት ዓርብ ማታ ከአገሩ መስመር ወጥተው በየሰፈሩ ጄኔሬተር ያስነሣሉ። ኅሊናቸውን አከብራለሁ። ሠራተኛ ነኝና ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ሁለት ምንጭ ያለው ቤት አንዱ ሲገባ ሌላው በእርግጥ የሚወጣበት ማቀያየሪያ አለው ወይ? ከሌለው ጠፍቷል ብሎ ፖል ላይ የወጣ ሠራተኛ ከታች በመጣ ኤሌክትሪክ ይሞታል።

አብዛኞቹ ረቢዎች ለጣቢያው ፈቃድ የሰጡት በአንድ ምክንያት ነው፤ በከተማው ሆስፒታል አለ፣ በየቤቱ በኦክስጅን መሣሪያ የሚተነፍስ ሰው አለ፣ ነፍስ ማዳን ደግሞ ሰንበትን ይሽራል። ይህን የምረዳው ከመጽሐፍ አይደለም። ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ከወጡ ሦስት ቀን ሆኗል፤ የአማፂያኑ ጦር ወደ አዲስ አበባ እየቀረበ ነው። ዓርብ ጀምሮ ቅዳሜን ይዞ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ፣ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጫነ፤ ከአንዱ አውሮፕላን ወንበሮቹን አውጥተው ከ1,000 በላይ ነፍስ አሳፍረውበት ነበር። እኔም ከአያቴ ጋር እዚያ መሐል ነበርኩ። ሙሉ ቅጂው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረልን መጽሐፈ ኩፋሌ በመጨረሻው ምዕራፉ በሰንበት መንገድ የሄደውን፣ እሳት ያነደደውን፣ በመርከብ የተሳፈረውን በሞት ይቀጣል። አያቴ ይህን ከቄሶቹ እየሰማች ያረጀች ናት። በሰንበት ሌሊት አውሮፕላን ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ነጭ ልብሷ ተጨማዶ፣ ከፊቷ ያለችውን ትንሽ ቀይ መብራት ስታይ አመሸች። «ኃጢአት ነው?» አላለችም። አብራሪው እንዳይተኛ ትጸልይ ነበር።

ማይሞኒደስ በሰንበት ነፍስ የማዳን ሥራ በአሕዛብ ወይም በሕፃናት እጅ አይደረግ፣ በታላላቆቹና በጠቢባኑ እጅ ይደረግ ብሏል። ከሕጎቹ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ፓሐቱ ሌሊት ሲወድቅ ሕፃኑን ይልካል፣ ወይም ደረጃ ላይ ወጥቶ አይሁዳዊ ያልሆነ ጎረቤት ሲያልፍ በቅኔ ይናገራል፤ «ቤታችን እንዴት ጨለመ!» እያለ። ሰውየው እስኪገባው ድረስ ከውስጥ በመሣሪያ የሚተነፍስ አባት ካለ ያ ጊዜ የእርሱ ትንፋሽ ነው።

አሁን የማበጃጀው ቤት ሁሉ፣ ባለቤቱ ከከፈለ፣ ወጥ ቤቱን በራሱ ፓሐት ለይቼ አስቀምጣለሁ፤ የምጣድ ስንጥቅ የመኝታ ቤቱን መብራትና የታማሚውን መሣሪያ ይዞ እንዳይወድቅ። ስልኬንም በሰንበት አልዘጋም። አንድ ረቢ ይህን ሰምተው ሕግ በቴስተር ይፈረዳል ወይ ብለው ተቆጥተውኛል፤ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። የሚደውል ካለ መጀመሪያ የምጠይቀው ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ነው። ሽቦ ወድቋል፣ ሶኬት ይነድዳል፣ ትንፋሹ በመሣሪያ የሆነ ሰው አለ ካለኝ «ራስህ ተነሣ፣ ሰው አትጠብቅ» ብዬ የሚቆርጠውን ወይም የሚያነሣውን ነግሬው መኪናዬን አስነሣለሁ። ፕላታው ብቻ ከሆነ የቀዘቀዘውን ወጥ በሉ እላለሁ።